በፎይል የተሸጎጠ ባጅ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው መጸዳጃ ቤት በር ላይ ባጅ የሚያነብ ማሽን ከተሰቀለ ወዲህ፣ በሠራተኞቹ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ባጅ ሰላይ ሆነባቸው። በሩን ያለፈችውን ሁሉ ማሽኑ ከባጇ ላይ ያነባታል፤ በሥራ ሰዓት ከሁለቴ በላይ ያነበባት ማስጠንቀቂያ ይጻፍባታል። ከመካከላቸው አንዷ ደግሞ ያኔ የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ያውም በድብቅ። ሁለቴ ቀርቶ ስድስቴም አይበቃትም።

መላውን የነገረቻት አጠገቧ የምትሰፋው ዘቢደር ናት። "አንቺ፣ ምግብ የሚጠቀለልበት ፎይል አጣሽ? ባጅሽን እሱ ውስጥ ሸጉጪውና ሂጂ። ብረት ከጋረደው ማሽኑ አያየውም።"

ሸጎጠችው። ማሽኑ ዝም አለ። ሁለት ወር ሙሉ፣ በሩን ባለፈች ቁጥር፣ ዝም አለላት።

ዛሬ ገና ከምሳ እንደተመለሱ ሱፐርቫይዘሩ ስፌቱን አስቁሞ በስሟ ጠራት። ሽንቷም ወጥሯታል። በጋዋኗ ኪስ ውስጥ ያለውን ፎይል ጨምድዳ ይዛ ወደ ፊት ወጣች።

"እዩአት!" አለ ሰውየው፣ የያዘውን ወረቀት ከፍ አድርጎ። "በሁለት ወር ውስጥ አንድም ቀን ከሥራዋ ተነስታ መጸዳጃ ቤት አልሄደችም! ማሽን አይዋሽም። አጨብጭቡላት እንጂ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዘቢደር ብቻ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሰውየው ጭብጨባው እስኪያባራ ጠብቆ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አመራ።

"እሷ ከቻለች ሁላችሁም ትችላላችሁ" አለና በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።