የወንድ ሙያ

ሚስቱን የፈታት በምግቧ ነው። ይህንንም ከሽማግሌዎቹ አልደበቀም። «ድሮ ባለሙያ ነበረች፤ ዘንድሮ ግን የምታበላኝ ጭቃ ነው» አላቸው። ሚስቱ ብርነሽ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

አንዲት ክፍል ተከራየና ቡታጋዝና ድስት ገዛ። «ሽንኩርት ማቁላላት፣ ውሃ መጨመር፣ ሽሮ መነስነስ። ሴቶች የሚኮሩት በዚህ ነው?» እያለ ለጎረቤቱ ለአስካለ ተሳለቀ። በየቀኑ ላለመልፋትም ለሳምንት የሚበቃውን ሽሮ በአንድ ጊዜ ሠርቶ አስቀመጠ።

ሲቀምሰው ግን ቁርጥ የብርነሽን ሽሮ ሆነበት። ዱቄቱን የሸጠለትን ነጋዴ ሰደበ። ነጭ ሽንኩርት ጨመረበት፤ ምንም ለውጥ የለም። በርበሬ ደፋበት፤ ምላሱን አቃጠለው እንጂ አልጣፈጠም። «ገበያው ሁሉ የሌባ ሆኗል» ብሎ እየተነጫነጨ በላው።

ከቀናት በኋላ ያንኑ ሽሮ አሙቆ ምሳውን ሲበላ፣ አስካለ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ግቢ፣ እንብላ። የወንድ ሙያ ቅመሺ» አላት።

አስካለ ጠጋ ብላ ድስቱን አየችና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ጋሼ፣ ይሄን ነው የሚበሉት? ከተበላሸ እኮ ቆይቷል። ሽታው ግቢውን ሞልቶት፣ አይጥ የሞተ መስሎን ከጠዋት ጀምሮ ስንፈልግ ነበር።»

የጎረሰውን አላምጦ ዋጠና ቀና ብሎ አያት።

«የምን ሽታ?»