ግማሽ ቶን

ዘፋኟ ዓይኗን ጨፍና «ይማርህ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰነጠቀ። የጆሮ ማዳመጫውን ወደ አንገቷ ጎተተችና «የታመመው ሙዚቃው ነው እንጂ እኔስ ደህና ነኝ» አለች። ከመስታወቱ ወዲያ የሳቀላት ሰው የለም።

አሥራ ስምንት ዓመት የዘለቀውን የሁለት ጎረቤታሞች ሲትኮም በዘፈን የምትከፍተው እሷ ናት። በየዓመቱ አዲሱ ምዕራፍ ሊጀምር ሲል ስቱዲዮ ትገባና ያንኑ ዘፈን እንደ አዲስ ትቀዳዋለች፦

«በሩማ ሁለት ነው፣ ግድግዳው ግን አንድ፣
እዚያ ስታስነጥስ፣ ይማርህ ባይ ዘመድ።»

ታክሲ ውስጥ ካስነጠሰች ተሳፋሪው ተቀብሎ ይዘፍንላታል።

የዘንድሮዋ ፕሮዲዩሰር ልጅ እግር ናት። የመጀመሪያውን ዓመት ሙዚቃ ከመጋዘን አስፈልጋ አወጣችና «ሰው የናፈቀው ይሄንን ነው፤ በዚህ ላይ ይዝፈኑልኝ» አለች። ዘፋኟም «ምን ገዶኝ!» ብላ ገባችበት። አሁን ፕሮዲዩሰሯ ማይኩን ከፍታ «እንዳይከፋዎት» ትላታለች፤ «ካልሆነልዎት ከሰዓት በኋላ የምትሞክረው ልጅ አለች።»

«አምና ዘፍኜዋለሁ እኮ!» ዘፋኟ ወደ ኪቦርዲስቱ ዞረች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሯት ሲጫወት የኖረ፣ ቃል በሚዛን የሚያወጣ ሰው ነው። «ንገራት እንጂ አንተ!»

ኪቦርዲስቱ ጫማውን ጫማውን አየ። «ዝቅ አድርጌልሽ ነው» አለ በመጨረሻ። «በየሦስት አራት ዓመቱ ግማሽ ቶን፣ የኪቦርዱን አንዲት ቁልፍ ያህል። ድምፅሽ ሲወርድ ሙዚቃውንም አብሬ አወርደው ነበር።»

«ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ እሺ ትይኝ ነበር?»

ፊቷ ጋለ። ሰው ደረጃ እየቀነሰላት፣ እሷ ዘንድሮም ወጣሁት እያለች ስትጎርር ኖራለች! አፈረች፤ ተናደደችም። ግን ይህ አንደበተ ቁጥብ ሰው ያን ሁሉ ዓመት በሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ እንዳላሳፈራት ስታስበው ሆዷ ባባ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ አመለጣት።

ወደ መስታወቱ ቀረበች።

«ስሚኝ እህቴ። የድራማችን እናት ያኔ ልጆቿን ታጥብ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጅ ታጥባለች። አባትየው ተመልጧል፤ በመላጣው ስንት ክፍል አሳቃችሁበት! ታዲያ እንዳያረጅ የተፈረደበት ዘፈኑ ብቻ ነው? አንዴ በራሴ ቶን ስሚኝ። ካልጣመሽ ለልጅቷ ራሴ ነኝ የምደውልላት።»

ፕሮዲዩሰሯ ሰዓቷን አየች። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

ኪቦርዲስቱ ጣቶቹን አምና በነበሩበት አሳረፈ። ዘፋኟ በለሆሳስ ሞከረችው። ይወጣል፤ ግን እየታገላት ነው። አምናም እንዲሁ ታግሏት ነበር፤ ለራሷ እንኳ ታግሎኛል ብላ አታውቅም።

«አንተ» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ፤ «ሌላ ግማሽ ቶን አውርደው።»

ቀና ብሎ አያት። አወረደው።

አሁን ድምፅዋ ሰፍቶ፣ ተዝናንቶ ወጣ። «ይማርህ» ላይ ስትደርስ ዓይኗን አልጨፈነችም። ከመስታወቱ ወዲያ ያቺ የጥንቱን ካልሰማሁ ያለች ፕሮዲዩሰር አገጯን በመዳፏ አስደግፋ፣ ለራሷም ሳይታወቃት፣ አብራት ትዘፍናለች።