የጉልላት ክር

ጉልላት ከሞተ ሰማንያ ቀኑ አልፏል። በእጁ የቀመመው ካታሊስት፣ ጋዝን ወደ ፕላስቲክ የሚለውጠው ቅመም፣ ግን አንድ ማንኪያ ያህል ቀርቷል። በብረት ጋን ውስጥ ጋዝ ሲነካው፣ ፕላስቲኩ መቅለጥ ሳያስፈልገው ከጋኑ ቀዳዳ በቀጥታ ክር ሆኖ ይወጣ ነበር። አሠራሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሚስቱ ሸዋገነት ከ18 ማዞሪያ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ወርክሾፕ አሥራ አንድ ጊዜ ሞክራ ያገኘችው ዱቄት ብቻ ነው።

"ሸዌ፣ ዛሬም ካልሆነ በቃ ታርፊያለሽ፤ አለቅሽ እኮ፣" አላት የጉልላት ወንድም ወንድዬ።

"ዛሬ ካልሆነ ከሱ ምን ይቀረኛል?" አለችው።

የመጨረሻውን ማንኪያ ጋኑ ውስጥ ጨመረች፣ ክዳኑን አጥብቃ አሰረች፣ "ክፈተው!" አለችው ከጋዝ ሲሊንደሩ አጠገብ ለቆመው ወንድዬ።

ትንሽ ቆይቶ ከቀዳዳው ነጭ ክር ብቅ አለ። ሸዋገነት እንባዋ እየወረደ በጣቷ ላይ ትጠቀልለው ጀመር።

"ወጣ! ወንድዬ፣ ወጣልን!"

ወንድዬ ከሲሊንደሩ አጠገብ ደርቆ ቆሟል። መፍቻው በእጁ ነው።

"ሸዌ፣ ጋዙን ገና አልከፈትኩትም።"

እሷ መጠቅለሏን አላቆመችም። ክሩ እየቆየ ጠቆረ፤ ከዚያ እንደ ጉልላት ፀጉር ከረደድ አለና መጠምዘዝ ጀመረ። መሀል መሀሉ ላይ ሽበት ነበረበት። ወንድዬ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ሞቀው። ፊቱ አመድ መስሎ ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አነሳ።

ሸዋገነት እጁን ያዘችው።

"እንዳትቆርጠው፣" አለችው በቀስታ። "ያመዋል።"