ሰባት ክንድ ሸራ

«ሳብ እንጂ ወልዴ! ምን ይገትርሃል?» አለ እሱባለው። ወልደሩፋኤል የድንኳኑን ገመድ ይዞ ደርቆ ቀርቷል። የተቆረጠውን ጎን ወደ አጥሩ ሊያዞረው ነበር ሐሳቡ፤ እሱባለው ቀድሞት ወደ በሩ አዞረው። ድንኳኑ ሲቆም፣ ለቀስተኛው በሚገባበት ፊት ለፊት ሰባት ክንድ የሚረዝም ክፍተት ወለል ብሎ ታየ።

ሐምሌ ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ አያስተዛዝንም። ዝናቡ በክፍተቱ እየተወረወረ ገባ።

የእድሩ ዕቃ ያዥ ራሱ ወልደሩፋኤል ነው። እድሩ ሁለት ድንኳን አለው። አሮጌው ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልተፈለገ፣ ማን ያየዋል ብሎ ከጎኑ ሸራ ቆረጠ። ዛሬ ግን አዲሱ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ቤት ተተክሏል፤ የዚህ ቤት አባወራ ጋሽ ታደለ ደግሞ ረፋድ ላይ ተቀበሩ።

«ምን ነክቶት ነው?» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፍሥሐ።

«አይጥ ይሆናል» አለ ወልደሩፋኤል።

እሱባለው የተቆረጠውን ጠርዝ ዳበሰና «ይሄ አይጥ ማስመሪያ አለው እንዴ?» አለ። አንዳንዱ ሳቀና ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሶ አፉን ያዘ። ወልደሩፋኤልም አብሮ ሳቀ። በገዛ ሳቁ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ጋሽ ፍሥሐ ጥግ ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጡትን የሟች ባለቤት፣ እትዬ አመተ ማርያምን አዩ። ቀጥሎ ዓይናቸው በሩ ላይ ወደቆመችው ሰማያዊ ኮምቢ ሄደ።

«ወልዴ፣ ያቺ ጣሪያዋ የሚነሳው መኪናህ አልቃለች አይደል? በል አንሳትና እትዬ እዚያ ይረፉ።»

ስለዚች መኪና ያልሰማ ጎረቤት የለም። አንኮበር ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች ማደሪያ አድርጎ ሊያከራያት ስምንት ወር ለፍቶባታል። ልኩን የሲሚንቶ ከረጢት ላይ እየሳለ፣ እየቀደደ፣ እንደገና እየሳለ። ጣሪያዋን ዙሪያውን ቆርጦ በቱቦላሬ ብረት አጠነከረው፤ ከኋላ በማጠፊያ አሰረው፤ ከፊት ሲነሳ ሰው ውስጧ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቀረው ክፍተቱን የሚሸፍን ሸራ ብቻ ነበር። የገበያው እንደ ወንፊት ያፈሳል፤ የእድሩ ግን የድሮ ዕቃ ነው፣ ጠብታ አያሳልፍም። ሰፍቶ ከጨረሰ ሳምንቱ ነው። «ቅዳሜ ኑና መርቁልኝ» ሲል ነበር የከረመው።

«ማጠፊያው... ገና ትንሽ ይይዛል» አለ።

«ታዲያ እኛ የለን እንዴ?» አለ እሱባለው፣ እጅጌውን እየሰበሰበ።

ማምለጫ አልነበረውም። መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን በሁለት እጁ ገፋው። ሲጥ እንኳ ሳይል ተነሳ። በዕድሜው እንዲህ ያማረ ነገር ሠርቶ አያውቅም። የታጠፈው ሸራ ተዘረጋ፤ ያው የድንኳኑ አረንጓዴ፣ ያው ቀይ ጥልፍ ከነጠርዙ።

ጋሽ ፍሥሐ ጣሪያውን አዩ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ከዚያ አቀረቀሩ። «ሴቶቹን አስገቧቸው» አሉ። እሱባለው የሰበሰበውን እጅጌ መልሶ አወረደ። ወልደሩፋኤል ቢሰድቡት በወደደ፤ ስድብ መልስ አለው።

እትዬ አመተ ማርያም ተደግፈው ገቡና ቀጥ ብለው ቆሙ። እጃቸው ሸራውን ሲዳብስ በነጭ ክር የተሰፋች እራፊ ላይ አረፈ።

«ይቺን የሰፋኋት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «የእናትህ ለቅሶ ጊዜ፣ እዚያው ተቀምጠን።»

«እትዬ፣ እኔ...»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል።» ጥቁር ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ከጣሪያው ጠርዝ አንጠለጠሉና እራፊዋን ሸፈኗት። «ወንድ ልጅ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ሂድ፣ በሩ ላይ ቁምና እንግዳ ተቀበልልኝ።»

ወርዶ ክፍተቱ ጋ ቆመ። ዝናቡ ጀርባውን ይመታዋል፤ የመጣው ሁሉ «እግዜር ያጽናችሁ» ይለዋል። ቀና ማለት አቃተው። ከጣርማ በር የመጡ አንዲት የሟች ዘመድ የሟቹ ልጅ መስሏቸው አንገቱን አቀፉና «አይዞህ፣ አባትህ ደግ ሰው ነበር» እያሉ ትከሻው ላይ አለቀሱ።