በሩ የማይጠይቀው

የሰው ጤና የሚያነብ በር በየቤቱና በየሆስፒታሉ ከተገጠመ ወዲህ «እንዴት ዋልክ?» መባባል ቀርቷል።

ዛሬ የድንገተኛ ክፍሉ በር ተበላሸና እኛ ተለማማጅ ሐኪሞች ተደናገጥን። አስተማሪያችን ዶክተር ትርሲት ሳቁብን።

«በሽተኞቹን ሰላም በሏቸዋ! ‹ደህና ነኝ› ቢሉ አትመኑ፤ ሁሉም ይላል። መልሱን በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ይጠብቃል፤ መሀል ላይ ትንፋሽ ላጠረው ኦክስጅን ይቅደም።»

ሠላሳ ሰው ሰላም አልኩ። ለሦስቱ በጊዜ ደረስንላቸው!

ቤት ስገባ በሩ «አባትሽ ጤነኛ ናቸው» ቢለኝም፣ አፌ ለምዶ «አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» አልኩት።

ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጎረቤታችን ውሻ ሳያርፍ አወራልኝ። ከዚያ «አንቺስ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለኝ።

ልመልስ ስል ሳቅና እንባ ተናንቆኝ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። በዶክተር ትርሲት ደንብ ቢሆን፣ ኦክስጅኑ ለእኔ ይቀድም ነበር።