ማንቂያ የሌለው ኮምፒውተር

ሥርጉት መልእክቱን ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀራት መላክ ብቻ ነው። «መምህር፣ ሥራዬ አልተሳካም፤ ምረቃዬ ለከርሞ ይዛወርልኝ» ይላል።

«ቆይ እስኪ፣ ምነው ቸኮልሽ?» እላታለሁ።

ማራኪ ሰፈር፣ ኮምፒውተር መጠገኛ ክፍሌ ውስጥ ነን። ያዋስኳት ኮምፒውተር ፊቷ ተከፍቷል። ለመመረቂያ ሥራዋ ከርነል የሚሉትን፣ ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ የሚያዝዘውን የውስጥ ፕሮግራም፣ የሰዓት አያያዙን አሻሽላለች። መሞከሪያው ፈተና ግን ገና ሲጀምር «ወደቀ» ብሎ ቀጥ ይላል፤ የቀረውን አይነካም።

«ኮምፒውተሩ ተኝቶ በሰዓቱ የሚነቃበት ቦታ ላይ ነው የሚወድቀው» ትላለች። «ከጧት ጀምሮ የኮዴን ስህተት ስፈልግ ዋልኩ፤ አጣሁት። አያ ቻላቸው፣ ይህ ዕቃ ማንቂያ አለው ብለኸኝ የለ?»

ብያለሁ። ከሊማሊሞ አናት ወድቆ አዲ አርቃይ እስኪደርስ ዘፈኑን አላቋረጠም፣ ዶሮም የሚቀሰቅሰው እሱ ነው ብያለሁ። ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ተነሥቶበታል ማለቴንም አልክድም። አሁን ግን ጣቷ መላኪያው ላይ ነው።

«የለውም» እላታለሁ።

«ምኑ?»

«ማንቂያው። ሲሠሩትም አላደረጉለት። ካልቀሰቀሱት ይህ ዕቃ እስከ ዳግም ምጽአት ይተኛል።»

ስድቧን እየጠበቅሁ አንገቴን አቀረቅራለሁ። እሷ መልእክቱን አጥፍታ ቶሎ ቶሎ ትጽፋለች።

«እንግዲያው ወድቆ አይደለማ! የሌለውን ነው የጠየቅነው። መጀመሪያ ፈተናው ‹ማንቂያ አለህ ወይ?› ይበለው። የለኝም ካለ ‹ተዘለለ› ብሎ ወደሚቀጥለው ይሂድ።»

«የለኝም ይላል ብለሽ ነው? እኔ ቤት ያደገ ዕቃ እኮ ነው!»

«እሱስ ካንተ ይሻላል» ብላ ማስጀመሪያውን ትነካዋለች።

ስክሪኑን ታነብልኛለች። «ማንቂያ፦ በዚህ ማሽን የለም፤ ተዘለለ።» ከዚያ የቀሩት ይወርዳሉ፤ «አለፈ፣ አለፈ፣ አለፈ…» ድምፅዋ እየፈጠነ ሄዶ ሳቅ ይሆናል።

«ሸጋ! ተመስገን ነው!» እላለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ቻላቸው» ትለኛለች፣ ከልቧ። «ስለነገርከኝ።»

ስንቱን ወሬ ፈትዬ በሳቅ ተሸኝቻለሁ። በአንዲት «የለውም» የተመሰገንኩት ግን ገና ዛሬ ነው። ካቻቪቴዬን አንሥቼ ዞር እላለሁ፤ ድሮውንም የጠበቀ ብሎን አጠብቃለሁ።