የጓድ ቸኮል አልጫ

በ1971 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ ጨው የታገደበት አንድ ቤት ቢኖር የጓድ ፀሐይወርቅ ቤት ነበር።

ፀሐይወርቅ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት። ባሏ ቸኮል የመጋዘን ጸሐፊ ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ካወጣ በኋላ እጁን የሚያወጣ። በማርች 8 ሰልፍ ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆማ ተዝለፍልፋ የወደቀች ዕለት ክሊኒክ ያደረሳት እሱ ነበር። ቤት ሲገቡ፣

"አንቺን ፀሐይ ነው የመታሽ" አላት። "እኔን ግን እግረ መንገዳቸውን ለክተው ደም ብዛት አገኙብኝ።"

ፀሐይወርቅ አልደነገጠችም፤ አደራጀች። ጨው፣ ቅቤና ጮማ ከቤት ተባረሩ። ወደ ላፍቶ አቅጣጫ የጠዋት የእግር ጉዞ ታወጀ። "በሽተኛን ለብቻው ማብላት አድሃሪነት ነው" ብላ እሷም ከዚያው አልጫ በላች፤ አብራው ተራመደች፤ በየወሩ ክሊኒክ ሲሄዱም ለአርአያነት ከእሱ ቀድማ ክንዷን አስለካች። ማታ ማታ ራሷን ጠፍንጋ ታስርበት የነበረውን ሻሽ ከተወችው ሰንብታለች። ለዚህም ያመሰገነችው አብዮቱን ነው።

ሐምሌ ላይ ጎረቤቷ ገበያነሽ እያለከለከች መጣች።

"ባልሽን ሥጋ ቤት አየሁት! ጥሬውን በሚጥሚጣ እያጣቀሰ፣ ደግሞ ጨው ጨምሩልኝ ይላል!"

ፀሐይወርቅ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ጥቁር ለብሳ ስትቀብረው ታያት፤ ሰው ሳያያት አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ስብሰባ ጠራች። ተሰብሳቢው ቸኮል ብቻ ነበር።

"ሂስ ቀርቦብሃል።"

"ግለ ሂስ አደርጋለሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "በልቻለሁ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ።"

"እኔ ላንተ ብዬ እንደ በሽተኛ አልጫ ስውጥ! ልትሞትብኝ ነው?"

"ቅጣቱን እቀበላለሁ። ብቻ የቤቱ ደንብ አይፍረስ።"

በማግስቱ እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችው። ድሬሰር ሁንዴሳ የቸኮልን ክንድ አስሮ ነፋ፤ አዳመጠ።

"መቶ ሃያ በሰማንያ። የጎረምሳ ነው።"

"ጨው እየበላ? መሣሪያህን አስተካክል!"

ሁንዴሳ ቸኮልን አየው። ቸኮል በዓይኑ ተለማመጠው።

"እሱን አትየው፤ እኔን እየኝ!" አለች ፀሐይወርቅ። ድምፏ ተሰበረ። "ባሌ እኮ ነው። እውነቱን ንገረኝ።"

ድሬሰሩ መለኪያውን ከቸኮል ክንድ ፈታና ወደ እሷ ዞረ።

"እሺ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ደም ብዛቱ የእርስዎ ነው።"